አብረን እንቁጠር

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤
የጓናካስቴ በጋ፣ የሸንኮራው ማሳ የሚቃጠልበት፣
ጥቁር አመድ ከሰማይ እንደ ላባ የሚወርድበት።
አንዲት አቧራ የለበሰች መኪና ጤና ጣቢያው ደጅ ቆመች፤
ከኋላዋ የበረዶ ሣጥን፤ ከፊቷ ሲኒያ ወረደች፣
መነጽሯን በገመድ አንግታ፣ ወረቀት የታቀፈች።

እናቴ ሃኒያ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበች።
ሳትመረምር አትፈርምም፤
የዐሥር ዓመት ዋስትና ያለው ማቀዝቀዣ ገዝታ
በሁለተኛው ክረምት ሞቶባት፣
የልብስ ቁም ሣጥን ሆኖ ቀርቶ ነበር ቤታችን ውስጥ።
«እሺ፤ መርፌው ከማህፀን በር ካንሰር ይጠብቃት፤
ግን ስንት ዓመት ይቆያል?» አለቻት።

ሲኒያ መነጽሯን አወለቀች፤
ጠረገችው፤ መልሳ አላጠለቀች።
«አናውቅም» አለች።
«ከመጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤
ያላረጀን ነገር ዕድሜ ማን ይናገረው?
ከፈቀድሽ፣ አብረን እንቁጠር።»

እናቴ ፈረመች።
ኋላ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት፦
«ነጭ ካባ ለብሶ ‹አላውቅም› ያለኝ ሰው
እሷ የመጀመሪያዬ ናት፤ ለዚያ ነው ያመንኳት።»

ከተቡኝ፤ እንደ ደብዳቤ፣ እንደ ውል፣
ቀለሙ በማይታይ ጽሑፍ፣ በክንዴ ሥጋ መሃል።
አንባቢው ደሜ ነው፤ ለመሆኑ ደም ይረሳል?

በዓመቱ መጡ። በሁለተኛው። በአራተኛው።
ክንዴን በላስቲክ አስረው ሦስት ብልቃጥ ቀዱ፤
ስሜን በቁጥር ሸፍነው ወደ ዋና ከተማው ሄዱ።
እኔ ትምህርት ጨረስኩ፣ ሐብሐብ ሳሽግ ዋልኩ፣
አንድ ሞተረኛ ወደድኩ፣ ጠላሁ፣ እንደገና ወደድኩ፣
ማሪሴልን ወለድኩ።
ደሜ ግን ያለ እኔ በብርድ ቤት ይኖር ነበር፣
ባላየሁት ከተማ፣ ከማላውቃቸው ሴቶች ደም ጋር።

በስምንተኛው አልሄድኩም። ሰለቸኝ።
ሲኒያ ራሷ በዚያ ሙቀት በእግሯ መጣች፤
ምንም አላለችም፤ ውኃ ጠይቃ ጠጣች።
አክስቴን ኤርሚዳን የቀበርነው በዚያው ወር ነበር፤
እሷን፣ በጊዜዋ፣ የከተባት አልነበረም።
ክንዴን ዘረጋሁ።

አያቴ ኤላዲዮ የቴምፒስኬን ወንዝ ሲለካ ነው ያረጀው፤
ከድልድዩ ሥር ቀይና ነጭ የተቀባ ግንድ ነበረው።
በጥቅምት ጎርፉ ግንዱን እስከ አንገቱ ይውጠዋል፤
በኅዳር ቁልቁል ይሮጣል፤ ሰው «አለቀ፣ ደረቀ» ይላል።
አያቴ ይስቃል፦ «መሮጡን ተዉት፤ የት እንደሚቆም እዩ።»
በየካቲት፣ ነፋሱ ሣሩን ሲያነጣው፣
ሦስተኛው ቀይ መስመር ላይ ነበር ከብቱ የሚጠጣው።

አሥራ ስድስት ዓመት።
ሲኒያ ጸጉሯ ነጥቶ፣ ጡረታዋ አንድ ወር ሲቀረው፣
ወረቀት ዘረጋችልኝ፤ የደማችን መንገድ ያለበት ነው።
መጀመሪያ ተራራ፤ ከመርፌው በኋላ ጦሩ ሁሉ የተሰለፈበት፤
ከዚያ ቁልቁለት፤ ልቤም ወረደ አብሮት፤
ከዚያ ሜዳ።
ሜዳ፣ ሜዳ፣ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ።
«ጦሩ ተበተነ እንጂ ዘቡ አልተኛም» አለች በለሆሳስ።
ግንዱን አየሁት፤ ሦስተኛዋን ቀይ መስመር።
«ከጠርዙ ወዲያስ?»
«ከጠርዙ ወዲያ… አናውቅም» ብላ ሳቀች።
ያቺው ቃል! ይህን ሁሉ ዓመት ኖራ አላረጀች።

ትናንት ማሪሴል ከትምህርት ቤት ክንዷን ይዛ መጣች፤
አሥር ዓመቷ ነው፤ ፕላስተሩን ለውሻው ሳይቀር አሳየች።
«እስከ መቼ ነው የሚጠብቀኝ?»
ማቀዝቀዣው ዛሬም ጥጉን ይዟል፣ ልብስ ሞልቶት።
ለዘላለም ልላት ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።
«እኔ አሥራ ስድስት ደርሻለሁ» አልኳት፤ «ቁጠሪ።»
ቆጠረች፤ አሥር ላይ ጣቷ አለቀባት፤
የእኔን ተበደረች።